አፍንጫ የጋዝ መለኪያ አይደለም፦ የእህል መጋዘን በፎስፊን ሲታጠን ሠራተኛን ከጋዝ አደጋ ስለ መጠበቅ

መግቢያ

እህል ከአውድማ ወደ ጎተራ ስለ ገባ የገበሬው ሥጋት አበቃ ማለት አይደለም። በማሳ ላይ ከአረም፣ ከዋግና ከአንበጣ የተረፈውን ምርት በመጋዘን ውስጥ ነቀዝ ይጠብቀዋል። ስለሆነም ብዙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከአባሎቻቸው የሰበሰቡትን በቆሎ፣ ስንዴና ማሽላ ለወራት አቆይተው በተሻለ ዋጋ ለመሸጥ ሲሉ መጋዘናቸውን በአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ያሳጥናሉ። ክኒኑ በደንብ ከተሠራበት እህሉን ያድናል። ነገር ግን ነቀዙን የሚገድለው ጋዝ ሰውንም የሚገድል መሆኑ ዘወትር መታወስ አለበት።

እኛ ራሳችን የተሳሳትንበትን አንድ አጋጣሚ እንደ መነሻ እናቀርባለን። በአንድ ማኅበር መጋዘን ውስጥ የበቆሎ ክምር በሸራ ተሸፍኖ ክኒኑ ከተደረገ በኋላ በሩ ተዘጋ፤ የበሩ ስንጥቅም በወረቀትና በሙጫ ተለጠፈ። አመሻሹ ላይ ከመጋዘኑ ጋር አንድ ግድግዳ ወደሚጋራው የዘበኛ ክፍል ሄደን አሸተትን። ምንም ሽታ አልነበረም። አዛውንቱ ዘበኛ «ልጆቼ፣ እዚህ ባድር ይጎዳኝ ይሆን?» ብለው ሲጠይቁን «ምንም የለም አባባ፣ ይደሩ» አልናቸው።

ጠዋት ስንመለስ ከክፍላቸው ውጭ ግድግዳ ተደግፈው፣ በጭንቅ እየተነፈሱ አገኘናቸው። ሌሊቱን ራሳቸውን ሲያማቸውና ሲያስመልሳቸው አድሯል፤ እሳቸው ግን የበሉት እራት ያልተስማማቸው መስሏቸው ነበር። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ ደግነቱ ዳኑ። ከሰዓት በኋላ የጋዝ መለኪያ ተውሰን የክፍላቸውን አየር ስንለካ 4 ፒፒኤም ፎስፊን ተገኘ። ጋዙ የመጣው ከጣሪያው ሥር የኤሌክትሪክ ሽቦ ለማሳለፍ ከተበሳች፣ አውራ ጣት ከምታህል ቀዳዳ ነበር። ቀዳዳዋን በጭቃ ለመድፈን ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም። መለኪያው ከማታ ጀምሮ በእጃችን ቢኖር ኖሮ አዛውንቱ እዚያ አያድሩም ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የመጋዘን ኃላፊዎች ከዚህ ስሕተት ተምረው ጋዝን በመሣሪያ እየለኩ እንዲሠሩ መርዳት ነው።

1. ፎስፊን ምን ዓይነት ጋዝ ነው?

በገበያ ላይ ፎስቶክሲን፣ ሴልፎስና በሌሎችም ስሞች የሚሸጡት ክኒኖች አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለ ንጥረ ነገር አለባቸው። ክኒኑ በአየርና በእህል ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለውን ጋዝ ይለቃል፤ የሚቀረው ግራጫ ዱቄት ነው። 3 ግራም የሚመዝን አንድ ትልቅ ክኒን 1 ግራም ፎስፊን ይሰጣል። 0.6 ግራም የሚመዝነው ትንሹ ፍሬ ደግሞ 0.2 ግራም ይሰጣል።

ፎስፊን ቀለም የለውም። ከአየር ጥቂት የሚከብድ ቢሆንም ከአየር ጋር በቀላሉ ስለሚቀላቀል ወደ ላይም ወደ ታችም ይዛመታል፤ በጠባብ ስንጥቅ ሁሉ ያልፋል። መዳብን ስለሚበላ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ማብሪያ ማጥፊያና የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ያበላሻል። በአየር ውስጥ 1.8 በመቶ ሲደርስም ሊቀጣጠል ይችላል። ክኒን በአንድ ቦታ መከመር ወይም ውሃ ማስነካት ክልክል የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀደም ባሉት ዓመታት ሜቲል ብሮማይድ የተባለ ሌላ የማጠኛ ጋዝ በሰፊው ይሠራበት ነበር። ይህ ጋዝ የምድርን የኦዞን ሽፋን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ያደጉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2005፣ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ከኳራንቲንና ከጥቂት ልዩ ጉዳዮች በስተቀር መጠቀም አቁመዋል። በዚህም የተነሣ የእህል ጥበቃው ሸክም በአብዛኛው በፎስፊን ላይ ወድቋል። ጋዙን የሚነካ ሰው ሲበዛ የጥንቃቄው ትምህርትም አብሮ መስፋፋት ይኖርበታል።

2. አፍንጫ ለምን አይታመንም?

ብዙ ሠራተኞች «ጋዙ ነጭ ሽንኩርት ወይም ካርባይድ ይሸታል፤ ካልሸተተ የለም ማለት ነው» ይላሉ። ይህ አደገኛ አስተሳሰብ ነው። ምክንያቶቹም የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) ሽታው በአብዛኛው የሚመጣው ከፎስፊኑ ጋር ከተቀላቀሉ ሌሎች ነገሮች ነው። እነዚህን እህሉ ሊመጣቸው ስለሚችል ሽታው ጠፍቶ ጋዙ ሊቀር ይችላል።

ለ) አንዳንድ ክኒኖች ለማስጠንቀቂያ የሚሆን አሞኒያ ይለቃሉ። ይሁን እንጂ አሞኒያው ቀድሞ ስለሚወጣ የእሱ መጥፋት የፎስፊኑን መጥፋት አያመለክትም።

ሐ) የሰው አፍንጫ ከሽታ ጋር ይለማመዳል። ጉንፋን የያዘው ሰው ደግሞ ጨርሶ ላይሸተው ይችላል።

በሰው ስሜት ላይ መተማመን ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያሳይ ትልቅ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1984 በሕንድ አገር በቦፓል ከተማ ከአንድ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ፋብሪካ ሜቲል አይሶሳያኔት የተባለ መርዘኛ ጋዝ በሌሊት አመለጠ። በፋብሪካው ሠራተኞች መፍሰሱን የሚያውቁት ዓይናቸውን ሲቆጠቁጣቸውና እንባ ሲያመጣባቸው ነበር። በዚያች ሌሊትም ዓይናቸውን ሲያቃጥላቸው ፍሳሽ መኖሩን ተረዱ፤ ነገሩን ከሻይ ዕረፍት በኋላ ለማየት ተስማሙ። ከዕረፍቱ በኋላ ግን ጋዙን ለማቆም አልተቻለም፤ በሺህ የሚቆጠሩ የከተማው ነዋሪዎች ሕይወታቸውን አጡ። የእኛ መጋዘን ከዚያ ፋብሪካ ጋር በመጠን የሚወዳደር አይደለም፤ ስሕተቱ ግን አንድ ነው።

3. ጥቂት ሒሳብ

የጋዝ መጠን የሚገለጸው በፒፒኤም ነው። 1 ፒፒኤም ማለት ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ አንድ እጅ ጋዝ ማለት ነው። የሚከተሉትን ቁጥሮች በመጋዘኑ በር ላይ ጽፎ መለጠፍ ይጠቅማል።

0.05 ፒፒኤም — በአሜሪካ የኢንዱስትሪ ጤና ባለሙያዎች ጉባኤ ለ8 ሰዓት የሥራ ቀን ያወጣው አዲሱና ጠበቅ ያለው ወሰን።
0.3 ፒፒኤም — በብዙ የክኒን ማሸጊያዎች ላይ የሚገኘው የ8 ሰዓት ወሰን። አየሩ ከዚህ በታች ሳይወርድ ያለ መከላከያ መግባት አይፈቀድም።
1 ፒፒኤም — ለ15 ደቂቃ እንኳ መታለፍ የሌለበት መጠን።
15 ፒፒኤም — የፎስፊን ማጣሪያ ያለው የፊት ጭምብል ከዚህ በላይ አይበቃም፤ የራሱን አየር የተሸከመ መተንፈሻ ያስፈልጋል።
50 ፒፒኤም — ለሕይወት ወዲያውኑ አስጊ የሆነ መጠን።

አሁን አንድ ክኒን ምን ሊያደርግ እንደሚችል እናስላ። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ የመኝታ ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አንድ ትልቅ ክኒን የሚሰጠው 1 ግራም ፎስፊን በዚህ ክፍል ውስጥ ቢሰራጭና ክፍሉ ዝግ ቢሆን በቆላ 24 ፒፒኤም ያህል ይደርሳል። በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ ቁጥሩ ወደ 30 ገደማ ከፍ ይላል። ይህም ከ0.3 ወሰን ከ80 እስከ 100 እጥፍ ማለት ነው። ሁለት ክኒን ከሆነ 50 ፒፒኤም አካባቢ ይደርሳል። እንግዲህ ቤተሰቡ በሚተኛበት ክፍል ጥግ በተቀመጠ ጆንያ ውስጥ «አንድ ሁለት ክኒን ብቻ» የሚጨምር ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ከዚህ ሒሳብ መረዳት ይቻላል። የልማት ሠራተኞች በየቤቱ ሲዞሩ ከሁሉ አስቀድመው ይህን ማስረዳት ይገባቸዋል። ሰው በሚያድርበት ቤት ክኒን ፈጽሞ አይደረግም።

4. የመለኪያ ዓይነቶች

ሀ) የመስታወት ቱቦ። ይህ ሁለት ጫፉ የታሸገ፣ በውስጡ ቀለም የሚለውጥ ኬሚካል ያለበት ቀጭን ቱቦ ነው። ሁለቱ ጫፎች ተሰብረው በላዩ ያለው ቀስት ወደ ፓምፑ እንዲያመለክት ሆኖ ይሰካል። ከዚያ በቱቦው ላይ የተጻፈውን ያህል ጊዜ ፓምፑ ይጨመቃል። ቀለሙ የተለወጠበት ርዝመት የጋዙን መጠን ያሳያል። ቱቦው ባትሪ አይፈልግም፤ ዋጋውም ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይቀላል። ጉድለቱ የሚያሳየው የዚያችን ደቂቃ አየር ብቻ መሆኑ ነው። ለሰው ደኅንነት የሚያገለግለው ዝቅተኛ መጠን የሚያነበው ቱቦ ነው፤ በሸራው ውስጥ ያለውን ጋዝ ለማወቅ ደግሞ በመቶዎች የሚያነብ ሌላ ቱቦ ያስፈልጋል። ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ለ) በኪስ ወይም በደረት ላይ የሚያዝ የኤሌክትሮኒክ መለኪያ። ይህ በውስጡ ባለ ሴል አማካይነት ጋዙን ያለማቋረጥ እየለካ ከተወሰነው መጠን ሲያልፍ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያበራል። ሠራተኛው ሥራውን እየሠራ ስለሚጠብቀው ከሁሉ የተሻለ ነው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው ጥቂት አሥር ፒፒኤም ድረስ ስለሆነ በሸራው ውስጥ ሊከተት አይገባም፤ ከፍተኛ ጋዝ ሴሉን ያበላሸዋል።

ሐ) በግድግዳ ላይ የሚተከል ጠቋሚ። ዘወትር በሚታጠኑ ትልልቅ መጋዘኖች፣ በዩኒየን ማከማቻዎችና በዱቄት ፋብሪካዎች ከመጋዘኑ ጋር ግድግዳ በሚጋሩ ቢሮዎችና የዘበኛ ክፍሎች ውስጥ ቢተከል ይመረጣል። የሚተከለው ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ነው። የደወሉ ድምፅ ከውጭም እንዲሰማ መደረግ አለበት።

መ) በብር ናይትሬት የተነከረ ወረቀት። ፎስፊን ሲነካው ይጠቁራል። ጋዝ መኖሩን እንጂ መጠኑን አይናገርም፤ ሌሎች ጋዞችም ያጠቁሩታል። ስለዚህ ፍሳሽ ለመፈለግ ሊረዳ ቢችልም «ግቡ» ለማለት አይበቃም።

5. መቼና የት ይለካል?

ከማጠን በፊት፦ ክምሩ በርብራብ ላይ ተደርድሮ ሸራው ከመሸፈኑ አስቀድሞ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦዎች ከክምሩ ውስጥ ወደ ውጭ እንዲወጡ ይደረጋል። በዚህ ዘዴ ሸራው ሳይከፈት የውስጡን ጋዝ ከውጭ መለካት ይቻላል። የሸራው ጠርዝ አሸዋ በተሞሉ ረጃጅም ከረጢቶች ዙሪያውን ይጫናል። የግድግዳው ቀዳዳዎች፣ በተለይም ሽቦና ቧንቧ የሚያልፍባቸው፣ አንድ በአንድ ታይተው ይደፈናሉ። በአጎራባች ክፍሎች የሚያድሩ ሰዎችና እንስሳት ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ።

ክኒን ሲደረግ፦ ቆርቆሮው የሚከፈተው ደጅ ነው፤ በዝናብ አይከፈትም። ሥራው ሁልጊዜ በሁለት ሰው ይከናወናል። መለኪያው ከሠራተኛው አንገት አጠገብ ይሰካል፤ በኪስ ውስጥ የተቀበረ መለኪያ የሚተነፍሰውን አየር አያይም። መለኪያው ከጮኸ ሥራው እንደ ደረሰ ተትቶ ይወጣል። «ይቺን ብቻ ልጨርስ» ማለት አያስፈልግም።

በመታጠን ላይ ሳለ፦ በመጀመሪያው ማታና ከዚያም በየቀኑ ጠዋትና ማታ በበሩ፣ በመስኮቱ፣ በጣሪያው ጠርዝና በአጎራባች ክፍሎች ይለካል። የተገኘው ቁጥር ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር በመዝገብ ይጻፋል።

ሲከፈት፦ በሮችና መስኮቶች ከውጭ ይከፈታሉ። አየሩ ከተናፈሰ በኋላ ጭምብልና መለኪያ የያዘ ሰው ገብቶ በአራቱም ማዕዘናት፣ በመካከልና በጆንያዎቹ መሐል ይለካል። በሁሉም ቦታ ከወሰኑ በታች ሳይሆን ጫኝና አውራጅ አይገባም። ከተናፈሰ በኋላ ተመልሶ ከተዘጋ እህሉ የያዘውን ጋዝ ቀስ እያለ ስለሚለቅ እንደገና መለካት ግዴታ ነው።

ዱቄቱ ሲወገድ፦ የቀረው ግራጫ ዱቄት ያልጨረሰ ክኒን ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ በተዘጋ ዕቃ አይጠራቀምም። ደጅ ላይ፣ ነፋስን ከጀርባ አድርጎ፣ ሳሙና ባለበት ብዙ ውሃ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ይበጠበጣል። መፍላቱን ሲያቆም ከውሃ ምንጭና ከቤት ርቆ ይቀበራል።

እዚህ ላይ ማኅበራት ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሰውን የሚጎዳው ፍሳሽ እህሉንም ይጎዳል። ጋዙ ካመለጠ በሸራው ውስጥ ያለው መጠን ያንሳል፤ ጠንካራው ነቀዝ ይተርፋል፣ ይራባል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 ባካሄደው ዓለም አቀፍ ጥናት ፎስፊንን የተቋቋሙ የእህል ተባዮች ያኔውኑ ተገኝተው ነበር። ስለሆነም ለመለኪያ የሚወጣው ገንዘብ ሰውንም ምርትንም የሚጠብቅ ነው።

6. የመሣሪያው አያያዝ

መለኪያ ካልተጠበቀ ያታልላል። የተበላሸ መለኪያ ዜሮ ሲያሳይ ሠራተኛው ተማምኖ ስለሚገባ ከመሣሪያ አለመኖር ይልቅ የከፋ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ፦

— የመስታወት ቱቦው የሚያበቃበት ቀን ይታይ። ያለፈበት አይሠራበትም።
— የቱቦው ፓምፕ አየር እንዳያስገባ ይፈተን። ጫፉ ያልተሰበረ ቱቦ ሰክቶ ፓምፑን ጨምቆ መልቀቅ ነው፤ ተጨምቆ ከቆየ ደህና ነው፣ ቶሎ ከተነፋ ቀዳዳ አለው።
— የኤሌክትሮኒኩ መለኪያ ከሥራ በፊት ንጹሕ አየር ላይ ይከፈት፤ ቀጥሎም በመፈተኛ ጋዝ መጮኹ ይረጋገጥ። በአምራቹ በተወሰነው ጊዜ ቁጥሩ ይስተካከል።
— ሴሉ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዓመት እንደሚያገለግል ታውቆ መለወጫው አስቀድሞ በበጀት ይያዝ።
— ባትሪው ማታ ይሞላ። መሣሪያው ከክኒኑ ጋር በአንድ ቁም ሣጥን አይቀመጥ።

ክኒኑ ራሱ ከእህል፣ ከመኖሪያና ከሕፃናት ርቆ፣ ደረቅና አየር በሚገባበት ቦታ ተቆልፎ ይቀመጣል። የገባውና የወጣው በቁጥር ይመዘገባል። በችርቻሮ እየተፈታ ለግለሰብ አይታደልም።

7. የማሽላ ጉድጓድ ሌላ ጉዳይ ነው

በሐረርጌና በሌሎችም አካባቢዎች ማሽላ በመሬት ውስጥ ጉድጓድ ይቀመጣል። በተዘጋው ጉድጓድ ውስጥ እህሉ፣ ተባዩና ሻጋታው ሲተነፍሱ ኦክሲጅኑ ያልቃል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ አፉ ቢከፈትም ከሥር ተኝቶ ይቆያል። ክኒን ያልገባበት ጉድጓድም ስለዚህ ይገድላል። በዚህ ጊዜ የፎስፊን መለኪያ ዜሮ ቢያሳይ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ መለኪያ የሚናገረው ስለ ተሠራለት ጋዝ ብቻ ነው። የሚያስፈልገው የኦክሲጅን መለኪያ ነው። ጤነኛ አየር 20.9 በመቶ ኦክሲጅን አለው፤ ከ19.5 በታች ከሆነ አይገባም። የማጣሪያ ጭምብልም ኦክሲጅን አይፈጥርም።

አንድ ሰው በጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሲታይ ወንድም ወይም ልጅ ሊያወጣው ተከትሎ ይገባል፤ እሱም ይወድቃል። የሚገባው ሰው አስቀድሞ ገመድ በወገቡ ይታሰርለት፤ ከላይ ሊጎትቱት የሚችሉ ሰዎችም ይኑሩ። ጉድጓዱ ተከፍቶ በቂ ጊዜ ይናፈስ።

8. አደጋ ቢደርስ

የፎስፊን መመረዝ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ሳል፣ የደረት መጨነቅና ድካም ናቸው። ብዙ ጊዜ በምግብ መመረዝ ወይም በወባ ይሳሳታሉ። በመጋዘን አካባቢ የዋለ ወይም ያደረ ሰው እንዲህ ሲሰማው አስቀድሞ ጋዝ መጠርጠር ይገባል።

ተጎጂው ወደ ንጹሕ አየር ይወሰድ፤ ልብሱ ይላላ፤ እንዲሄድ አይገደድ። ለዚህ ጋዝ ማርከሻ መድኃኒት የለም። ስለዚህ ወተትም ሆነ ሌላ ነገር በመስጠት ጊዜ አይጠፋ። ወዲያው ወደ ሕክምና ይወሰድ፤ የክኒኑ ማሸጊያ ጽሑፍም አብሮ ይሂድ። በሳንባ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እስከ 3 ቀን ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል «ተሽሎኛል» ቢልም በሐኪም እንዲጠበቅ ያስፈልጋል።

9. ማኅበራት ምን ያድርጉ?

እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር የኤሌክትሮኒክ መለኪያ ለመግዛት አቅም ላይኖረው ይችላል። ሆኖም መጋዘኖች በአንድ ቀን አይታጠኑም። ጥቂት ማኅበራት በዩኒየናቸው በኩል አንድ መሣሪያ ገዝተው በፕሮግራም ቢጠቀሙበት ወጪው ይቀልላል። የመስታወት ቱቦና ፓምፕ ግን ለእያንዳንዱ አጣኝ ቡድን የግድ ነው። ከአባላት መካከል ሁለት ሰዎች ሠልጥነው መለኪያውን እንዲይዙ፣ «አልተጣራም፣ አይገባም» ሲሉም ሊቀ መንበሩም ሆነ ገዢው ነጋዴ እንዲታዘዛቸው በስብሰባ ይወሰን።

መለኪያ በሌለበት ማጠን መጀመር የለበትም። አነስተኛ መጠን ያለው እህል አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ሊጠበቅ ይችላል። በዚህ ከረጢት ውስጥ ነቀዙ የሚሞተው ኦክሲጅን በማጣት ነው፤ ክኒንም አያስፈልግም። እህሉ ግን በደንብ የደረቀ መሆን አለበት።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተገለጸው ፎስፊን ለእህል ጥበቃ የሚጠቅመንን ያህል በቸልታ ከያዝነው የሚጎዳን ጋዝ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት ቀዳዳ መድፈንና አየር መለካት ከአደጋ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። እኛ ያን ማታ አሽትተን «ይደሩ» ብለን ነበር። ዛሬ መጋዘን ሲታጠን በአጠገቡ ማንም እንዲያድር አንፈቅድም፤ ከመሸ በኋላም መለኪያ ይዘን ግድግዳውን ሳንዞር ወደ ቤታችን አንሄድም። ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ የልማት ሠራተኞችና የማኅበራት ኃላፊዎችም በሚቀጥለው የማጠን ሥራ፣ ክኒኑ ከመታዘዙ በፊት፣ «መለኪያው የት ነው?» ብለው እንዲጠይቁ አደራ እንላለን።